ሣጥን ያጣበበ ልብስ ስንት ያወጣል?

እስቲ ዛሬ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱ። ቁም ሣጥን የሌላችሁም አልጋ ሥር የገፋችሁትን ሻንጣ ጎትታችሁ አውጡ። ከላይ ያለው ዘወትር የምትለብሱት ስለሆነ እሱን ተዉት። እኔ የምላችሁ ከሥር ያለውን ነው። ሦስት ክረምት ሳይለበስ የከረመ ሹራብ፣ ከወሊድ በኋላ አልዘጋ ያለ ቀሚስ፣ ልጁ በአንድ ዓመት ጥሎት ያደገው የትምህርት ቤት ሱሪ፣ ለዘመድ ሠርግ ተሰፍቶ አንድ ቀን ብቻ የታየ ሙሉ ሱፍ… እንዳይጣል ገንዘብ ወጥቶበታል፤ እንዳይለበስ አይሆንም። ታዲያ ምን ይሁን?

ብዙዎቻችን መልሱን ከደጅ ነው የምንሰማው። «ልዋጭ! ልዋጭ!»

ልዋጭን የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሳፋውን፣ ጆጉን፣ ሳህኑንና ብርጭቆውን ተሸክሞ በየሰፈሩ ይዞራል። እናንተ አሮጌ ልብስ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ አዲስ ዕቃ ይሰጣችኋል። ብር የሚባል ነገር በመሃል አይገባም። ጥበቡም እዚያ ላይ ነው! ብር ቢሆን ኖሮ እኮ «ይሄን የመሰለ ካፖርት በዚህ ዋጋ? ምን ነካህ?» ብላችሁ ትጮሁበት ነበር። ሳፋ ሲሆን ግን ዓይን ይታለላል። ሱቅ ሄዶ የሳፋውን ዋጋ ጠይቆ የሚመለስ ሰው የለማ! ልዋጩ ግን የሳፋውንም የካፖርቱንም ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል።

ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የሚሉትንም አልወድም። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲዞር ይውላል። የሰበሰበውን ለሚለዩት ያስረክባል፤ ደህናው ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ተተኩሶ ሳልባጅ ተራ ይሰቀላል፤ የተቀዳደደው ለጋራዥ መወልወያና ለፍራሽ መሙያ ይሄዳል። በየመንገዱ ትርፍ አለ። ነገር ግን ያ ሁሉ ትርፍ ከእናንተ ሣጥን መውጣቱን አውቃችሁ ነው ወይስ ሳታውቁ የሰጣችሁት? ነገሩ እሱ ላይ ነው።

እስቲ ወደ ደጋን ልውሰዳችሁ። ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቃሉ ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ ባቲን አልፎ ሚሌ ይደርሳል፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ እስኪነሳ ድረስ የአሰብ ወደብ ዕቃ ይመጣበት የነበረው መንገድ ነው። የዚህ አገር ሰው ሸቀጥ ሲያልፍ እያየ ያደገ ነው ማለት ይቻላል። ከዚሁ አካባቢ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር የሄዱት ሴት ልጆችም ብዙ ናቸው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን የውጭ ዜጎች ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው መመለሳቸው ይታወሳል። ታሪኳን የማወጋችሁ ልጅም ከእነሱ አንዷ ናት። ስሟን አልጠቅስም፤ እሷም አልፈቀደችም።

ልጅቱ ጅዳ ውስጥ አራት ዓመት ሠርታለች። ደመወዟን በየወሩ ወደ ቤት ስትልክ ነው የኖረችው። ስትመለስ ያ ሁሉ ገንዘብ የቤት ቆርቆሮ ሆኗል፣ የወንድም ባጃጅ ሆኗል፣ የእናት መድኃኒት ሆኗል። በስሟ የተቀመጠ ሳንቲም አልነበረም። የእኔ የምትለው ይዛ የገባቻቸውን ሁለት ሻንጣዎች ብቻ ነው። በሻንጣዎቹ ውስጥ ልብስ፤ ግማሹን በገንዘቧ የገዛችው፣ ግማሹን አሠሪዋ ስትሰለቸው የሰጠቻት። ዓባያ፣ የምሽት ቀሚስ፣ ሻርፕ፣ ሁለት ወፍራም ጃኬት። ሐሳቧ ሻይ ቤት መክፈት ነበር፤ መነሻ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ የመጣው ዘመድ ነው። «ምን ይዘሽልን መጣሽ?» ይሏታል። ባህላችን ነውና እምቢ አይባልም። ሻርፑ እያለቀ፣ ሻንጣው እየቀለለ ሄደ። ሁለተኛ የመጣችው ጎረቤት ናት፤ አንዱን ዓባያ በ180 ብር፣ ያውም በዱቤ ወሰደች። ልጅቱ ጅዳ ላይ 120 ሪያል ነበር የከፈለችበት። በዚያን ጊዜ አንድ ሪያል አምስት ብር ገደማ ስለነበር እናንተው አስሉት። ሦስተኛዋ ልብስ ነጋዴ ነበረች። ሻንጣዎቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ሁሉንም በአንድ ላይ 1,200 ብር ልስጥሽ፤ አሁኑኑ በእጅሽ» አለቻት።

በእጅሽ የምትለዋ ቃል አደገኛ ናት። የቸገረው ሰው ብር ሲያይ ሒሳብ ይጠፋበታል። ልጅቱም እሺ ልትል አፏን ስትከፍት አክስቷ «ቆይማ አንቺ ልጅ፣ ደግሞ የምን ጥድፊያ ነው? ልብስ እኮ ወተት አይደለም፣ አያድር አይመስልሽ!» ብላ ነጋዴዋን ሸኘቻት። በማግስቱ ሁለቱም ኮምቦልቻ ወረዱ። ሊገዙ አልነበረም፤ ዋጋ ሊጠይቁ ነው። በዱቤ በ180 ብር ከሰጠችው ዓባያ ጋር አንድ የሆነ፣ እንዲያውም ጨርቁ የሳሳ፣ ሱቅ ውስጥ በ650 ብር ተሰቅሎ አገኙት። «ወላሂ እንባዬ አልመጣም፤ ሳቄ ነው የመጣው» ትላለች ልጅቱ አሁን ስታወራው።

ከዚያ ወዲያ ያደረጉት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ። አክስትየው የሚያውቁት አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ልብሱን ሳይሸጡለት፣ በአደራ አስቀመጡበት። ደጃፉ ላይ እየሰቀለ እንዲሸጥ፣ ለእያንዳንዱ ልብስ የመጨረሻ ዋጋ ቆረጡለት፤ ከዚያ በታች እንዳይሸጥ፣ ከዚያ በላይ ያገኘው የራሱ እንዲሆን ተስማሙ። የምሽት ቀሚሶቹ ለሚዜዎች በሠርግ ሰሞን ሄዱ። ዓባያዎቹ የዒድ ሰሞን ነው የተነሡት። ሁለቱ ጃኬቶች ግን ደጋን ላይ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም፤ ደሴ ተልከው በሳምንታቸው ተሸጡ። አራት ወር ፈጅቷል። የልጅቱ እጅ የገባው ግን ከአምስት ሺህ ብር በላይ ነው። ያቺ ነጋዴ ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

በፈረንጅ አገር ይህ አሠራር ራሱን የቻለ ሱቅ አለው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ያልፈለጋችሁትን ልብስ ትሰጣላችሁ፣ ሱቁ ሰቅሎ ይሸጣል፣ ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ወይም ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ራሱ ያስቀራል፤ በተባለው ቀን ካልተሸጠ ልብሱን መልሳችሁ ትወስዳላችሁ። በስጦታ ሰብስበው ለበጎ ሥራ የሚሸጡም አሉ። ቦስተን ላይ በ1902 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጉድዊል የሚባለው ድርጅት የዚህ ዓይነት ነው። እኛ አገር ሱቁ አልተለመደም እንጂ አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ጋቢዋን ለባለሱቅ ሰጥታ «ገዢ ከመጣ…» የማትል እናት የት አለች?

ታዲያ በአደራ ስትሰጡ ዓይናችሁን ክፈቱ። «ከዚህ በላይ ያገኘኸው ያንተ» የሚለው ውል ጥሩ ነገር አለው፤ ሰውየው ለራሱ ሲል ይለፋላችኋል። መጥፎም ነገር አለው፤ በስንት እንደሸጠው አታውቁም። የቆረጣችሁት ዋጋ ዝቅ ያለ ከሆነ የሚያተርፈው እሱ ነው። በመቶ ይህን ያህል የሚለው ውል ደግሞ ሰውየው በእውነት የሸጠበትን ዋጋ መናገሩን ይጠይቃል። እኔን ብትጠይቁኝ ለሻርፕና ለልጆች ልብስ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ለሱፍ፣ ለካፖርት፣ ለጥሩ የሐበሻ ቀሚስ ግን በመቶ ተስማሙና አልፎ አልፎ ብቅ እያላችሁ እዩ። ከሁሉም በላይ ግን ጻፉት! በደብተር ቅዳጅ ላይ ቢሆንም ጻፉት። ስንት ልብስ፣ ምን ዓይነት፣ በስንት፣ እስከ መቼ። ካውያ ቢያቃጥለው ወይም ቢሰረቅ ማን ይከፍላል? ዱቤ ይሰጣል አይሰጥም? እናታችሁ ቢሆኑም ጻፉት። (እናት ላይስ ይቅር!)

የት ይሸጥ የሚለውም ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር የምትጠጋ ብርዳም ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ስትደርሱ ኮታችሁን ታስወልቃችኋለች። ወደ ባቲ ሲኬድ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። የደጋን ስም ሰምቶ ደጋ መስላው ወፍራም ሹራብ ይዞ የሄደ ነጋዴ ቢኖር አዝንለታለሁ። ሹራቡ፣ ካፖርቱ፣ ቡልኮው ለደሴ ነው፤ በተለይ ክረምት ሲገባና በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ። ሽርጡ፣ ሳሳ ያለው ሸሚዝ፣ ነጠላ ጫማው፣ ሻርፑ የባቲ ሰኞ ገበያ ያነሣዋል። ባቲ ላይ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ስለሚገናኝ የማይፈለግ ቀለም የለም ማለት ይቀላል። የሥራ ልብስና ጂንስ ደግሞ ፋብሪካ ባለበት ኮምቦልቻ ይሄዳል። የትምህርት ቤት ልብስ በጳጉሜ ይወደዳል፣ በጥቅምት ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ይህን ስጽፍ «የራሴን ልብስ ብሸጥ ሕግ ይከለክለኛል ወይ?» ብላ የጠየቀች አንዲት የደሴ ሴት ትዝ አለችኝ። አይከለክልም። የተከለከለው ያገለገለ ልብስ ለንግድ ከውጭ ማስገባት ነው። ቦንዳ እየተባለ ታስሮ በኮንትሮባንድ የሚገባው እሱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የፈረንጅ ውራጅ በኪሎ እየገባ የአገር ፋብሪካ ልብስ ማን ይገዛል ነው ነገሩ። ኬንያ ውስጥ ሚቱምባ ይሉታል፣ ጋና ውስጥ «የሞተ ፈረንጅ ልብስ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አውጥተውለታል። ሩዋንዳ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀረጡን በኪሎ ከ20 ሳንቲም ዶላር ወደ 2 ዶላር ተኩል ብታደርሰው አሜሪካ ተቆጥታ በ2018 እ.ኤ.አ. ከቀረጥ ነፃ ልብስ የመላክ ዕድሏን አገደችባት። በአሮጌ ልብስ ምክንያት መንግሥታት ሲኳረፉ አያስገርምም? የእናንተ ሣጥን ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም።

ሕጉ የሚያገኛችሁ በሌላ በኩል ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ዕቃ የሚገዛ ሰው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይቀጣዋል። ስለዚህ ማታ ላይ አንድ ወጣት አዲስ ጃኬት ይዞ «እማማ፣ በርካሽ ልስጥዎት» ቢል ጃኬቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በረንዳ ላይ የተሰጣ የጎረቤት ልብስ በሦስተኛው ቀን ገበያ ላይ የታየበት ጊዜ ስንት ነው!

አሁን ደግሞ ወደ ይሉኝታው ልምጣ። በወሎ ምድር ያሮጌ ልብስ ነገር ሲነሣ ፊታቸው የሚጠቁር ሽማግሌዎች አሉ፤ እንዲህ መሆናቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ባቲና ኮረም መጠለያ ውስጥ የገባው ሕዝብ ከእህሉ ጋር ከባሕር ማዶ የተላከ ልብስ ይታደለው ነበር። ኮቱ ከአንዱ፣ ሱሪው ከሌላው ተገናኝቶ የለበሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። አንድ አባት ልጃቸው ሳልባጅ ካፖርት ገዝታ ብትመጣ «የሰው ልብስ በችግር ቀን ለብሰናል፤ በደህና ቀን ምን አስለበሰሽ?» ብለው ሦስት ቀን አኩርፈዋታል። እኔ ከልጅቱም ከአባቷም ጋር ነኝ። እሳቸው የሚያዩት ካፖርቱን አይደለም፤ መጠለያውን ነው። እሷ ደግሞ ደሴ ላይ በርዷታል! የሰማሁት እንዲህ ተፈታ፤ እናትየው ካፖርቱን በሙቅ ውኃ አጥበው፣ ቁልፉን በሙሉ ቀይረው፣ አንገቱ ላይ አዲስ ጨርቅ ሰፉበት። «አሁን የቤታችን ልብስ ነው» አሏቸው። አባትየው መልስ አልሰጡም፤ ኩርፊያው ግን ቀረ።

የዚያን ዓይነት ቀን ደግሞ ተመልሶ መጥቷል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ በነበረበት ጊዜ ሣጥኑን ከፍቶ ያላካፈለ የደሴ ሰው ጥቂት ነው። ቆይቶ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ራሳቸውን ሲያገኛቸው፣ የሰጠውም ተቀባይ ሆነ። እንግዲህ ልብስ ሸጡ እያልኩ ስመክራችሁ የሚሰጠውን ሁሉ ሽጡት ማለቴ እንዳይመስላችሁ።

የሟች ልብስንም በዚሁ ላንሣው። ምጽዋት የሚያደርገው አለ፣ ሰደቃ የሚያደርገው አለ፤ ያም ሆነ ይህ ለመሸጥ አትጣደፉ። ባሏ በሞተ በወሩ ኮቶቹን በሳፋ ለውጣ፣ በዓመቱ ልጇ «የአባቴ ኮት የታለ?» ሲላት የምትለው ያጣች ሴት አውቃለሁ። ሳፋው ያኔ ተሰንጥቆ ተጥሏል።

የባልና የሚስት ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ የዕቁብ ዕጣ ደርሶት 3,000 ብር አሮጌ ኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ደበቀ። ለምን ደበቀ? እሱን ለራሱ ተዉለት። ሚስቱ ደግሞ ይህን ኮት ከመጥላቷ የተነሣ ስታየው ያማታል። ልዋጭ መጣ፣ ኮቱ ሄደ፣ ስድስት ሳህን ገባ። ማታ ባል መጣ… የቀረውን እናንተ ጨርሱት። ሰፈሩ በሙሉ ልዋጩን ሲፈልግ ከረመ። ሰውየው ሲገኝ ኮቱን ለሌላ አስተላልፎታል፤ ሌላውም ሌላ ዘንድ ልኮታል። ብሩ የውኃ ሽታ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ግማሹን ጥፋት ለሚስትየዋ፣ ግማሹን ለባልየው አድርገው አስታረቋቸው። እኔ ብሆን ለባልየው በዛ አደርግበት ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ልብስ ከቤት ሳይወጣ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ኪሱን፣ ገበሩን፣ የሱሪውን እጥፋት፣ የጫማውን ውስጥ ፈትሹ። መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ የጆሮ ጉትቻ ከልዋጭ ጋር አብሮ የሄደበት ቤት ብዙ ነው።

ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ቀን ሥሩለት። ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዝና ተጨማዶ ከማዳበሪያ የወጣ ሸሚዝ ዋጋቸው ለየቅል ነው። የጎደለ ቁልፍ ገዢው አፍ ውስጥ መዶሻ ይሆናል፤ በአንዲት ቁልፍ ምክንያት ግማሽ ዋጋ ይጥልባችኋል። ዚፑ ካልሠራ አሠሩት። የማይለቅ እድፍ ካለበት ግን አትደብቁ፤ አሳዩትና ዋጋ ቀንሱ።

ለምትገዙም አንድ ቃል። የልብስ ቅማል የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው ሰውነት ላይ ሳይሆን ልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ተስቦና ግርሻ የሚባሉትን በሽታዎች የሚያስተላልፈው ይኸው ነው። እከክም በልብስ ይተላለፋል። ስለዚህ የገዛችሁትን ልብስ ቤት እንደገባ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉት። በጣም በሞቀ ውኃ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ ተኩሱት። ሙቅ ውኃ የማይችል ሱፍ ከሆነ በላስቲክ አጥብቃችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት ማንም ሳይነካው አስቀምጡት፤ ቅማል ደም ካላገኘ ይሞታል። የውስጥ ልብስ ግን እባካችሁ አዲስ ግዙ።

የደጋኗ ልጅ ሻይ ቤቷን ከፈተች። ሻይ ቤቱ ደህና ነው፤ ከሻይ ቤቱ ይልቅ ግን የሚገርመው ጥግ ላይ የቆመው የልብስ መስቀያ ነው። ከዐረብ አገር የሚመለሱ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው እሷ ዘንድ ይመጣሉ። ደብተር አላት። ከአምስት ብር አንዱ የእሷ ነው፣ አራቱ የባለቤቷ። ሁለት ወር ካለፈ ወይ ዋጋ ይቀነሳል ወይ ልብሱ ይመለሳል። በዱቤ አትሸጥም፤ ዘመድ ቢመጣ «ልብሱ የሰው አደራ ነው» ትላለች፣ በዚህ ላይ የሚቀየም የለም። የምትቀበለው የታጠበ ብቻ ነው። አንዲት ልጅ በመጣች ቀን ሻንጣዋን ከፍታ ሁሉንም ልታራግፍ ስትል ከልክላታለች። «መጀመሪያ ለራስሽ ሦስት ምረጪ» ነው ያለቻት፤ «የቀረውን ነው የምንጽፈው።»